ሾክ ያለቀበት መኪና ፍሬኑም አልቋል

ከእንጅባራ ዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በዚያች አጭር መንገድ መኪናው ከ2,500 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ 2,100 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ክረምት ከገባ አስፋልቱ ደርቆ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሳይገለጥ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ የፋግታ ለኮማን ከሰል የጫነው አይሱዙ፣ ወደ ግጦሽ የሚነዳው ከብት ሁሉም እዚያው ላይ ነው። አዲስ ቅዳም በገበያ ቀን ፍሬን ሳይረግጥ የሚያልፍ ሾፌር አላውቅም። በእንዲህ ያለ መንገድ ሾክ አብዞርበሩ ያለቀ መኪና ልጆች ጭኖ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር እሰጋለሁ።

ሰው ሾክን የሚያስበው ከምቾት ጋር አያይዞ ነው። «ትንሽ ይንጣል እንጂ ይሄዳል» ይባልና ለሌላ ዓመት ይተዋል። የሾክ ዋና ሥራ ግን ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆየት ነው። ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ተጨምቆ መልሶ ይገፋዋል፤ የሚይዘው ከሌለ ደጋግሞ ይነጥራል። ሾኩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሾለከ ያን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ መንጠሩም ይበርዳል። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም ቫልቩ ከተበላ ጎማው በየጉድጓዱ ከመሬት ይነሳል። ከመሬት የተነሳ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይሰማም። በእርጥብ አስፋልት ላይ ላም ድንገት ስትገባ ልዩነቱ የሚታየው ያኔ ነው።

ነገሩ አሁን የባሰበት ምክንያት አለ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ቪታራ፣ ራቭ ፎር ወይም ፕራዶ ያለው ሰው ያለውን ይዞ መቆየት ግድ ሆኖበታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም የመለዋወጫ ዋጋ ናረ። ስለዚህ አንዱን ጎን ብቻ መቀየር፣ ወይም ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሾክ መግዛት ተለምዷል። ለእኔም አንድ ጊዜ ዘይቱ ተጠርጎ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ «ያልተነካ ነው» ተብሎ ቀርቦልኛል። ሌላ ዕቃ አሮጌ ግዙ ብባል ልስማማ እችላለሁ፤ ሾክ ግን ውስጡ ስለማይታይ አይሆንም።

ማለቁ እንዴት ይታወቃል? ኮፈኑን ተጭኖ መልቀቅን ሁሉም ያውቀዋል። ሾኩ ጨርሶ የሞተ ከሆነ ያሳያል፤ እንደ ፕራዶ ያሉ ከባድ መኪኖች ሞላ ግን ጠንካራ ስለሆነ በግማሽ የደከመን ሾክ ይሸፍነዋል። እኔ ይበልጥ የማምነው ጎማውን ነው። መዳፍን በጥርሱ ላይ ዙሪያውን ማስኬድ ነው፤ እዚህ ጎድጎድ፣ እዚያ ጉብ እያለ ከተሰማ ጎማው እየነጠረ ሲበላ ከርሟል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነም ሌላ ምልክት ነው። ዘይት ከሥር ሲታይ ደግሞ መጀመሪያ ጭቃውን አጥቦ ማየት ይሻላል፤ አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ብዙም አያስፈራም፣ ወደ ታች የወረደ እርጥብ ዘይት ግን ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

ዳንግላ ውስጥ አንድ ወጣት መካኒክ ያሳየኝን እዚህ ብጽፈው ይጠቅማል። መኪናዬን በኮረኮንች መንገድ ነድቶ እንደመለሳት «ጋሼ፣ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ይንኩት» አለኝ። ከጭስ ማውጫው እጄን አርቄ የኋላዎቹን ሁለት ሾኮች ዳሰስኩ። ግራው ሞቋል፤ ቀኙ እንደ ሻንሲው ብረት ቀዝቃዛ ነበር። «ያ ሥራ ፈት ነው» አለ። ሾክ ሲሠራ መሞቁ አይቀርም፤ በእንጅባራ ብርድ ደግሞ ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ስሕተት ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። መኪናው በኋላ በኩል ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ሾክ ቀይሩ ይባላል። ክብደቱን የተሸከመው ሞላው ነው። ፖርቶመጋላው ላይ የድንች ጆንያ ሲጫንበት የኖረ መኪና ሞላው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ሾክ ብቻውን ከፍ አያደርገውም። በሞላው መካከል ጎማ መወተፍም ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም።

ሲቀየር ጥንድ ጥንድ ይሁን፤ የፊቱ ሁለቱም፣ ወይም የኋላው ሁለቱም። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል። ከፊት ሾኩ በሞላው መሐል ስለሚቆም ሞላው በመጭመቂያው ታስሮ መፈታት አለበት፤ በሽቦና በገመድ አስረው ሲፈቱ አይቻለሁ፣ ያ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ላይኛው መቀመጫና ጎሚኒዎቹ ካረጁ አብረው ይቀየሩ። አዲሱ ሾክ ከመታሰሩ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ደጋግሞ ቢጨመቅና ቢሳብ በማጓጓዝ ጊዜ የገባበት አየር ይወጣል። ጎሚኒ ያለባቸው ቡሎኖች የመጨረሻው ማጥበቂያቸው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። የፊቱ ከተቀየረ አላይመንት ሳይሠራ ረጅም መንገድ አይወጣም።

ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ እንጅባራ የሚገባ ዘመድ ብዙ ነው። ሁሉም ከመነሳቱ በፊት ዘይትና የጎማ ንፋስ ያሳያል። በዚያው ሰዓት መካኒኩ ባትሪውን ይዞ ከሥር ገብቶ አራቱንም ሾኮች እንዲያይለት ይጠይቀው፤ ለቦሎ ምርመራ ስንሄድም መርማሪውን እንዲሁ እንጠይቅ።