የዛገችው መርከብ

ሲዬራ ማድሬ የተባለችው የፊሊፒንስ መርከብ ከእንግዲህ የትም አትሄድም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የሠራቻት ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፓላዋን ደሴት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደቡብ ቻይና ባሕር ውስጥ ባለ የኮራል አለት ላይ ሆን ተብሎ እንድትቀመጥ ተደርጋለች። ጎኗ በዝገት ተበሳስቷል። ውስጧ ግን ጥቂት ወታደሮች አሉ፤ ዋናው ሥራቸው እዚያ መኖር ነው።

ቻይና ሥፍራው የእኔ ነው ትላለች። የባሕር ጠረፍ ጥበቃዋ ስንቅ የሚያደርሱትን ጀልባዎች በውኃ መድፍ ሲያባርር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ደግሞ ሰዎቿ መጥረቢያና ጩቤ ይዘው ጀልባዎቹን ከበቡ፤ በግርግሩ አንድ የፊሊፒንስ ባሕርተኛ አውራ ጣቱን አጣ። በኑክሌር ዘመን፣ በመጥረቢያ!

በሄግ የተሰየመው የግልግል ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቻይና አብዛኛውን ባሕር የእኔ ነው ለማለት በካርታ ላይ ባሰመረችው የዘጠኝ ሰረዝ መስመር ውስጥ ባለው ሀብት ላይ የምታነሳው ታሪካዊ መብት ሕጋዊ መሠረት የለውም ብሎ ወስኗል። ቤጂንግ ውሳኔውን ከቁብ አልቆጠረችውም። የተባበሩት መንግሥታትን የባሕር ሕግ ስምምነት ራሷ አጽድቃ ሳለ የማይመቻትን ፍርድ መግፋቷ ተቀባይነት የለውም።

የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር የሆነው አሲያንም ከወቀሳ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፕኖም ፔን የተሰበሰቡት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ በዚሁ ባሕር ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው የጋራ መግለጫ እንኳ ሳያወጡ ተለያይተዋል።

ማኒላና ቤጂንግ በጁላይ 2024 ስለ ስንቁ አመላለስ ጊዜያዊ መግባባት ላይ ደርሰዋል። በጎ ጅምር ነው። ጽሑፉን ግን ለሕዝብ ይፋ አላደረጉም፤ ያድርጉት።