የእንቁራሪት ቆዳ ለሕዝብ ምን ይረባል?



በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ አንድ ጓደኛዬ «ሕዝብ ተቸግሮ ሳለ አንተ የእንቁራሪት ቆዳ ታጠናለህን?» ሲል ጠየቀኝ። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልስ ሳልሰጥ መቅረቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መልሱ ይኸውና።

አያቶቻችን ጨው ሲፈልጉ ገበያ ይወጡ ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተፈልጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ጎጃም ይደርስ ነበር፤ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። በፍኖተ ሰላም አጠገብ በላህ ወንዝ ዳር የምትጮኸው እንቁራሪት ግን ገበያ አያስፈልጋትም። የክረምት ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ውሃው በቆዳዋ እየሰረገ ይገባል፤ በደሟ ያለው ጨው ደግሞ ሊያመልጥ ይፈልጋል። ኩላሊቷ ትርፉን ውሃ በቀጭን ሽንት ያስወጣል፤ ቆዳዋም ከዚያው ከአልጫው ውሃ ሶዲየምን እየለቀመ ያስገባል። በበጋ ደግሞ ጉርጥ ሆዱን ከእርጥብ አፈር አጣብቆ በቆዳው ውሃ ይስባል፤ በፊኛው ያጠራቀመውንም መልሶ ይጠቀምበታል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የባሕር ዳርቻ የምትኖር አንዲት እንቁራሪት ዩሪያን፣ ያንኑ የቡሬ ገበሬ ለበቆሎው የሚበትነውን፣ በደሟ እያጠራቀመች ጨዋማውን ውሃ ትቋቋማለች።

እ.ኤ.አ. በ1951 የዴንማርኩ ሊቅ ሃንስ ኡሲንግና ባልደረባው ዜራን የእንቁራሪት ቆዳ ቁራጭ በሁለት እኩል የጨው ውሃዎች መካከል ወጠሩ። ቆዳው የራሱን ኃይል እያወጣ ሶዲየምን ከውጭ ወደ ውስጥ እንደሚያሻግር በኤሌክትሪክ ለክተው አሳዩ። በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1964 የጥንቸል አንጀት ሲመረመር፣ ስኳር ሲጨመር የሶዲየም መግባት እንደሚበረታ ታየ። ጨው ሲገባ ውሃ ይከተለዋል። ዛሬ በጤና ኬላ፣ ተቅማጥ ላደከመው ሕፃን የሚበጠበጠው ኦ. አር. ኤስ. የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲህ የሚያስቀው የቱ ላይ ነው?

ነገር ግን ያው በር ለክፉም ክፍት ነው። ሶዲየምን የሚያስገባው ስስ ቆዳ የአረም መድኃኒትንም ያስገባል። በቆዳ ላይ የሚያድግ አንድ ፈንገስ የጨውን መተላለፊያ አውኮ፣ ልብ እስኪቆም ድረስ እንቁራሪቶችን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ2009 ተገልጿል፤ ይኸው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በስፋት መገኘቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል።

ስለዚህ ክረምት ወደ ቡሬ፣ ወደ ጅጋና ወደ ፍኖተ ሰላም የምንመለስ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንሥራ። አንደኛ፣ በየወንዙና በየረግረጉ ያለውን እንቁራሪት ዓይነቱንና ቦታውን እንመዝግብ፤ ከአገራችን እንቁራሪቶች ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙምና። ሁለተኛ፣ ገበሬው መድኃኒቱን ይተው አልልም፤ የአረሙን ድካም አቅልሎለታል። መርጫው ወንዝ ውስጥ እንዳይታጠብ ግን አባቶቻችንን በአክብሮት እንለምን። ከእንቁራሪቷ በታች ያንኑ ውሃ የሚጠጡት የእኛው ታናናሾችና የእኛው ከብቶች ናቸው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ትምህርታችንም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም።

ከባዮሎጂ ክፍል ተማሪ