ጁስ የሚሰናዳው ገበያ ላይ ነው

በቤታችሁ ጁስ ስትሠሩ ስንት ማንኪያ ስኳር ትጨምራላችሁ? ይህን መጠየቄ ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም፤ ጥፋተኛው እኔው ራሴ ስለ ሆንሁ ነው።

ቤት ተከራይቼ የምኖረው በአማኑኤል ሰፈር ነው። መርካቶ ቅርቤ ስለ ሆነ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራፍሬ ሳልገዛ የማልፍበት ቀን ጥቂት ነው። አምና ታናሽ ወንድሜ ለፈተና ሲያጠና ብርታት ይሁነው ብዬ በርካሽ የሚሸጥ አንድ መደብ አቮካዶና አንድ ፓፓያ ገዛሁ። አቮካዶው ጠቋቁሯል፤ ፓፓያውም ተሰንጥቋል። የተበላሸውን በቢላዋ እየቆረጥሁ ጣልሁ፤ የቀረውን ሳላጥብ ፈጨሁት። ስቀምሰው መረረኝ። ስለዚህ ስኳርና ቀይ ሽሮፕ ጨመርሁበት። ወንድሜም «ይጣፍጣል» ብሎ ጠጣው። በማግሥቱ ግን ወደ ፈተና በመሄድ ፈንታ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። ስለ ተሐዋስያን ተማሪዎችን የማስተምረው እኔ ነኝ!

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተረዳሁ፤ ይኸውም ስኳር ብዙ ጊዜ የሚጨመረው በገበያ የሠራነውን ስሕተት ለመሸፈን መሆኑን ነው። ደኅና የበሰለ ፍሬ የራሱ ጣዕም ይበቃዋል።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ? አቮካዶ በመዳፍ ቀስ ተደርጎ ሲያዝ ጥቂት መለስለስ አለበት። የጫፉ ጉጥ ተነሥቶ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ መልካም ነው፤ ቡናማ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ያልበሰለ የገዛችሁ እንደ ሆነ ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልላችሁ አቆዩት፤ ከሙዙ የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያበስለዋል። ፓፓያ ቆዳው ወደ ቢጫ የዞረና ያልተሰነጠቀ ይሁን። ዘይቱን በመዓዛው ይታወቃል፤ ርካሽ ነው ብላችሁም አትናቁት፤ በእኩል ክብደት ሲመዘን የያዘው ቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል። በማንጎና በፓፓያ ውስጥ ያለውን ካሮቲን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ካሮቲን ከሰውነት የሚዋሐደው በቅባት ታግዞ ስለ ሆነ፣ ቅባት ካለው አቮካዶ ጋር ስፕሪስ አድርጎ መጠጣቱ ብልኅነት ነው።

ቆዳው የሚጣል ፍሬም ቢሆን ይታጠብ፤ ቢላዋው በቆዳው ላይ ያለውን እድፍ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። የሚጨመረውም ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በጾም ቀን ወተት ቀረ ብላችሁ አትዘኑ፤ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ ማንኪያ ብትጨምሩበት ያወፍረዋል፤ ጠቃሚ ቅባትም ይሰጣል። ጥቂት ሎሚ ከተጨመቀበት ደግሞ ጣዕሙ ይነቃል።

ስለ ስኳር የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከ5 በመቶ ቢያንስም የተሻለ እንደ ሆነ መክሯል። ይህ 5 በመቶ ለአንድ ዐዋቂ ሰው 25 ግራም፣ ማለት 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማርና ሽሮፕ፣ የጁሱም የራሱ ስኳር ከዚሁ ስለሚቆጠሩ አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

ወንድሜ ያመለጠውን ፈተና ዘንድሮ ይፈተናል። አሁን ፍራፍሬውን የሚመርጠው እሱ ነው፤ የእኔ ሥራ ማጠብ ብቻ ሆኗል።