ታላቅ ሲማር ታናሽ እንዳይቀር

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። የመጀመሪያ ልጁን ወደ ኮሌጅ የላከ ቤት ግን ይህን አባባል የሚጠቅስበት አፍ የለውም። ታላቁ ከሄደበት ቀን ጀምሮ፣ በቃም አልበቃም፣ ራቱን የሚያቦካው ልጅ ነውና። የዛሬው አስተያየታችንም ስለዚያ ልጅ ነው።

ከሀደሮና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ወጥተን ለመምህርነት ሥልጠና ከመጣነው መካከል ብዙዎቻችን ለቤታችን የመጀመሪያ ልጆች ነን። የወጣንበት ጊዜ እንደሚታወቀው የደስታ ጊዜ ነው። መስቀል ተበልቶ፣ ቅርጫው አልቆ፣ እናቶቻችን ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ ያጠራቀሙት ቅቤ ተሟጦ ሳለ፣ ከተረፈው ላይ ስንቅ ይቋጠርልናል። ጎረቤት ይመርቃል፣ በጸሎት ቤት ስማችን ይነሳል። ብርድ ልብስ ተገዛለት ወይ? የቤት ኪራይ ስንት ነው? ከማን ጋር ይኖራል? ይህ ሁሉ ይጠየቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ሰው ግን አለ። እሱም ሁለተኛው ልጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሁለተኛዋ፣ ሴቷ ልጅ ናት።

እኛ እንደሚታየን፣ ታላቅ ልጅ ሲማር ወጪውን የሚችሉት አባትና እናት ብቻ አይደሉም። ከባዱን ድርሻ የምትሸከመው ታናሽ ናት። የምትከፍለውም በብር ሳይሆን በትምህርት ሰዓቷ ነው።

ይህን ለመረዳት በገጠሩ ቤታችን ታላቅ ልጅ ምን ይሠራ እንደነበር መቁጠር ያስፈልጋል። ኑሯችን በእንሰት ላይ የቆመ ነው። እንሰት ደግሞ ተተክሎ የሚረሳ ተክል አይደለም። ችግኙ በየጊዜው እየተነቀለ ይዛወራል፣ ሥሩ ይኮተኮታል፣ ከበረት የወጣ ፍግ ይደፋለታል። ለመፋቅ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሌላ አነጋገር ታላቁ ልጅ 8ኛ ክፍል ሳለ የተከለው እንሰት የሚደርሰው እሱ 12ኛን ጨርሶ ከቤት ሲወጣ ነው። ሲደርስ ደግሞ መፋቁ፣ ቡላውን መጭመቁ፣ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ መቅበሩ በእኛ አገር የሴቶች ሥራ ነው። አንዲት እናት ብቻዋን የምትወጣው አይደለም። ከጎኗ የምትቀመጥ ሴት ልጅ ያስፈልጋታል። ያች ሴት ልጅ ወደ ኮሌጅ የሄደች እንደሆነ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም። በ6ኛ ወይም በ7ኛ ክፍል ያለችው ታናሽ እኅቷ ትቀመጥበታለች።

ወንዱም ቢሆን ያው ነው። ሣር ማጨዱ፣ ከብቱን ውኃ ማጠጣቱ፣ እህል ወፍጮ ቤት ማድረሱ፣ በገበያ ቀን ሸክም መያዙ በሙሉ ወደ ተከታዩ ይተላለፋል። ከዚህም ሌላ ታላቅ ልጅ የቤቱ ጸሐፊ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ወረቀት ሲመጣ የሚያነብ እሱ ነው፤ የግብር ደረሰኝ የሚያስቀምጥ፣ የሐኪም ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ የሚያስረዳ፣ የዕድር መዋጮ የሚመዘግብ እሱ ነው። ማታ ማታም በኩራዝ ወይም በባትሪ ብርሃን የታናናሾቹን የቤት ሥራ የሚያይላቸው ማን ሆነና? እሱ ሲሄድ ታናሹ ሥራ ተጨመረበት፤ አስጠኚው ደግሞ ተቀነሰበት። ሁለቱም የደረሱበት በአንድ ቀን ነው።

«ታዲያ ቤተሰቡ ሠራተኛ ለምን አይቀጥርም?» የሚል ጠያቂ ከከተማ ልጆች ሊነሳ ይችላል። መልሱ በማሳው ስፋት ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ በጊዜው አጠራር የከምባታ ጠምባሮ ዞን ከ680 ሺህ በላይ ሰው ነበረው። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 500 ሰው ያህል ማለት ነው። መሬቱ ከአባት ለልጅ ሲከፋፈል ኖሮ ዛሬ ብዙው ቤት የሚያርሰው ከጓሮ ብዙም የማይበልጥ ማሳ ነው። ጥሬ ብር ያስገባልን የነበረው ዝንጅብል ነው። የሀደሮ ሰው ደብተርም፣ ዩኒፎርምም፣ የጣሪያ ቆርቆሮም የሚገዛው በዝንጅብል ነበር። በ2004 ዓ.ም. እኛ ገና ፊደል ስንቆጥር የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ገባና ማሳውን አደረቀው። በሽታው በአፈርና በዘር የሚተላለፍ ባክቴሪያ ስለሆነ፣ አንዴ የያዘው ማሳ ላይ በዓመቱ መልሶ መትከል ኪሳራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ገበሬው የቻለውን ቢሞክርም፣ የዚያን ጊዜው እጅ አልተመለሰም። ስለዚህ ቤቱ የሚቀጥረው ሰው የለውም። ያለው የቤቱ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ሌላ ጉዳይ አለ። በሐድያና በከምባታ ታላቅ ልጅ ከቤት የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ የእኛ መንገድ ነው። ሁለተኛው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ነው። የዚያኛው ልጅ ከሱቁ ገንዘብ ይልካል፤ ቤተሰቡ ቆርቆሮ ይለውጣል። የእኛ ቤት ደግሞ ለጊዜው ይልካል እንጂ አይላክለትም። ጎረቤት ለጎረቤት መተያየቱ አይቀርምና አባቶቻችን ይህን ስሌት በልባቸው ይዘውታል፤ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም። ስሌቱን ከማንም በላይ በጥሞና የሚከታተለው ግን በቤት የቀረው ታናሽ ወንድም ነው። ትምህርቱ በሥራ ብዛት ከተበላሸበት፣ ፈተና ከጣለው፣ ቀጥሎ የሚያስበው ደላላ ፍለጋ ነው። የዚያን መንገድ ክፋት ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ታዲያ የአንዱ ልጅ መማር ሌላውን ወደዚያ ኮንቴነር የሚገፋው ከሆነ፣ ቤቱ አተረፈ ይባላል? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከጓደኞቻችን ጋር በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። የመጀመሪያው «ታላቁ ተምሮ ደመወዝ ሲይዝ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ ስለዚህ ዕዳው ያኔ ይከፈላል» የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ክፍል እንደ ዕቁብ ተራ አይጠብቅም። ዛሬ 7ኛ ክፍል ያለች ልጅ፣ እኛ ሥልጠና ጨርሰን፣ ተመድበን፣ የመጀመሪያ ደመወዛችንን እስክንቆጥር ድረስ እዚያው አትቆይም። ወይ አልፋለች ወይ ወድቃለች ወይ ተድራለች። በየሳምንቱ ያመለጣትን የሒሳብ ትምህርት ከዓመታት በኋላ በሚላክ ብር መልሶ መግዛት አይቻልም። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ፈተና እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሙሉ ቀን የተማረውም በጭንቅ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ከሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን የምትቀር ልጅ ዕድሏ ምን ያህል ነው?

ሁለተኛው መልስ ቁጣ ያለበት ነው። «ታዲያ እንቅር? ደብተራችንን ጥለን ቆጮ ልንፍቅ እንመለስ?» ይላሉ። ኧረ የለም! ማንም ይቅር አላልንም። ታላቅ ልጅ መማሩ ለቤቱም ለአገሩም የሚበጅ ነገር ነው፤ በተለይም ሴት ታላቆች እዚህ መድረሳቸው ከብዙ ትግል በኋላ የተገኘ ነው። እኛ የምንለው፣ ሄደን ስንማር የተውነው ሥራ በማን ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ይታወቅ፤ ታውቆም በልክ ይከፋፈል ነው። መደረግ የሚችለውም እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ክፍፍሉ ከመሄድ በፊት በግልጽ ይነገር። ለወላጆች «እኔ ስሄድ ውኃውን ማን ይቀዳል? ሣሩንስ ማን ያጭዳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ባህሉ መፋቁን ለሴት ቢሰጥም፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥና ሸክም ማድረስ ወንድ ልጅ አይከለከልም። አባት ሲናገር ቤቱ ይሰማል። ታላቅ ሲጠይቅ ደግሞ አባት ይሰማሉ። በእኛ አገር የታላቅ ልጅ ቃል ክብደት አለው፤ ያንን ክብደት ለታናሽ ጥቅም ማዋል ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ስለ ስንቅ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ከቤት በሚመጣ ቆጮና ቂጣ ነው። ይህን ስንቅ መናኸሪያ አድርሶ ለሾፌር የሚሰጠው ማን ነው? ያችው ልጅ ናት፤ ያውም ብዙ ጊዜ በትምህርት ቀን። ስንቁን ለቅዳሜ ማድረግ፣ ወይም ከአንድ አካባቢ የመጣን አምስትና ስድስት ሠልጣኞች ተራ ገብተን የሁላችንንም አንድ ሰው ሄዶ እንዲያመጣ ማድረግ ይቻላል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ መስማማት ብቻ ነው። ለአንዲት ልጅ ግን በወር አንድ ሁለት የትምህርት ቀን ያተርፍላታል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ስልክ። ወደ ቤት ስንደውል «ሰላም ናችሁ? ከብቶቹ ደኅና ናቸው? ብር ላኩልኝ» ብለን እንዘጋለን። ከዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ትጨመር፦ «ታናሼን አገናኙኝ፤ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ተማርሽ?» ታላቋ ከሩቅ ሆና እንደምትከታተላት ያወቀች ልጅ ትበረታለች። ወላጅም ጥያቄው እንደሚመጣ ሲያውቅ ከትምህርት ከማስቀረቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

በአራተኛ ደረጃ፣ የዕረፍት ጊዜያችን። አንዳንድ ሠልጣኝ ቤቱ ሲገባ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። ልብሱ ይታጠብለታል፣ ቡና ይፈላለታል። ይህ ደግ አይደለም። ዕረፍቱ ታናሽ የምታርፍበት መሆን አለበት። ቀን ማጭዱን ይዞ፣ ማታ የወደቀችበትን ትምህርት ማስጠናት። ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየመንደሩ ካስተማሩት ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች መካከልም ሐድይኛና ከምባትኛ ይገኙበታል። እነዚያ ወጣቶች የማያውቁትን ሽማግሌ በዛፍ ሥር ፊደል ካስቆጠሩ፣ ለመምህርነት የምንሠለጥነው እኛ የራሳችንን እኅት ክፍልፋይ ብናስረዳ ምን ይከብዳል? እንደ ማስተማር ልምምድም ይቆጠርልናል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህ ጉዳይ ሙያችንን ይመለከታል። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ በገበያ ማግስት የምታንቀላፋ ልጅ ከፊታችን ትቀመጣለች። እጇ እንሰት በመፋቅ የጠቆረ፣ የቤት ሥራዋን ያልሠራች፣ ከሳምንቱ አንድ ቀን የምትቀር ልጅ ናት። ያልተረዳ መምህር ሰነፍ ይላታል፤ ከበር ይመልሳታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስሟን ከመዝገብ ይሰርዛል። እኛ ግን እንዲህ ልንል አንችልም፤ ያች ልጅ ማን እንደሆነች እናውቃታለንና። የአንድ ሠልጣኝ ታናሽ ናት። ታላቋ በሆነ ኮሌጅ ተቀምጦ ስለ ልጆች አስተዳደግ እየተማረ ይሆናል። ስሟን ከመሰረዛችን በፊት «ከእናንተ ቤት ማን ሄደ?» ብለን እንጠይቅ። ወላጇን ጠርተን እንነጋገር። ያመለጣትን በምሳ ሰዓት እናሳያት።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ወደ ማስተማር ልምምድ ስንወጣ የትምህርት ዕቅድና የሰሌዳ አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን፣ የቀሪዎችን መዝገብ አገላብጠን ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን እንደሚቀር አጥንተን እንድንመለስ ቢያደርጉን ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል። ቀሪ የሚለው ቃል በመዝገብ ላይ አንዲት ፊደል ናት። ከበስተኋላዋ ግን አንድ ቤት አለ።

ለማጠቃለል፣ የቤታችን የመጀመሪያ ልጆች ስለሆንን በሩን የከፈትነው እኛ ነን። ከኋላችን የሚዘጋ ከሆነ ግን በሩ ተከፈተ አይባልም። ስለዚህ የዘንድሮው ዕረፍት ሲደርስ ሁላችንም ከሻንጣችን ውስጥ ለታናሻችን የሚሆን አንድ አሮጌ መጽሐፍ ይዘን እንግባ፤ ማጭዱንም ከእጇ እንቀበል እንላለን።