ጋዋኑን የሰፋችው እሷ፣ ውሉን የፈረመው ሌላ

የጋዜጣ የጨረታ ገጽ የማገላበጥ ልማድ ካለዎት የደንብ ልብስ ግዥ ማስታወቂያ ሳያጋጥምዎ አልቀረም። ከማስታወቂያው ሥር «ሎት 1» ይላል። በዚያች ሎት (የዕቃ ጥቅል) ውስጥ ጋዋን፣ ካኪ ኮትና ሱሪ፣ የቆዳ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ አንዳንዴም ፎጣና ሳሙና አብረው ይታጨቃሉ። ከእነዚህ አንዱን ማቅረብ ያልቻለ ተጫራች ከሎቱ ውጭ ነው። ይቺን ተራ መስመር ብዙ ሰው አይቶ ያልፋታል። እኔ ግን የምተዳደረው ለአነስተኛ ድርጅቶች ሒሳብ በመያዝና የጨረታ ሰነድ በመሙላት ስለሆነ ማን በእሷ ምክንያት እንደሚቀር አውቃለሁ።

ከደንበኞቼ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ጥቂት የስፌት መኪኖች፣ አንድ ኦቨርሎክና ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አላት፤ ወጣት ሴቶችም ቀጥራ ታሠራለች። የጽዳት ሠራተኛ ጋዋን ስትሰፋ ብብቱ ላይ ሁለቴ ትመታዋለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «ግድግዳ ስትወለውል ክንዷን ታነሣለች፤ መጀመሪያ የሚለቀው እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር በጨረታ ሰነድ ቴክኒካል መግለጫ ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ለአንድ መሥሪያ ቤት የደንብ ልብስ ጨረታ ሰነድ ልንገዛ ስንል ሎቱ ውስጥ ጫማ ነበረበት። ጫማ አትሠራም፤ ከሌላ ገዝታ እንዳታቀርብ ደግሞ ገንዘቡም ዱቤ የሚሰጣት ነጋዴም የላትም። ተውነው። ጨረታውን መርካቶ መጋዘን ያለው ነጋዴ አሸነፈ። ጫማውን ከአንዱ፣ ጃንጥላውን ከሌላው ሰበሰበና ጋዋኑን ይዞ የመጣው ማን ዘንድ መሰለዎት? እሷ ዘንድ። ጨርቁን በጣቃ አምጥቶ በእጅ ዋጋ አሰፋት።

በነጋዴው አልፈርድም፤ ሕጉ የፈቀደለትን ነው የሠራው። ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው ይከተሉት። በሚቀጥለው ጨረታ ተጫራቾች የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃ ይጠየቃሉ። እሱ የእሷን ጋዋኖች አስረክቦ የተጻፈለትን ደብዳቤ ያያይዛል። እሷ የምታያይዘው ወረቀት የላትም፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ አንዲት ጋዋን እንኳ ሰፍታ አታውቅም። ስለዚህ «ሴቶች አቅም የላቸውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሥራው ማን ቤት እንደተሠራ ጠይቆ እንደሆነ አስባለሁ። የጎደላት ሙያ አይደለም፤ በስሟ የተፈረመ ውል ነው።

ሕጉ ምን ይላል ካሉኝ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የቆየውን የልዩነት ታሪክ ከግምት አስገብቶ ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ ይፈቅዳል፤ ኢኮኖሚውንም በስም ጠርቶ። በግዥ በኩል በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መመሪያ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የ3 በመቶ የዋጋ አስተያየት ሰጥቶ ነበር። የጨረታ ማስከበሪያንም ያደራጃቸው አካል በሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ እንዲተኩ ፈቅዶ ነበር። መመሪያው የቆመበት የ2001 ዓ.ም. አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። የእኔ ሙግት ግን ከሕጉ ጋር አይደለም። እንዲህ ያለ የዋጋ አስተያየት የሚጠቅመው ዋጋ እስከ ማወዳደር ለደረሰ ነው፤ ደንበኛዬ በሎቱ የተነሣ በሩ ላይ ቀርታለች። የዋስትና ደብዳቤውም ቢሆን በማኅበር ለተደራጁት ይቀላል እንጂ በግል ንግድ ፈቃዷ የምትሠራ ሴት የሚጽፍላት ቢሮ ፍለጋ መንከራተቷ አይቀርም።

ደብዳቤ ያላገኘች ባንክ ሄዳ ሲፒኦ ታሠራለች፤ ጨረታው እስኪለይ ገንዘቡ ይታሰራል። ካሸነፈች የውሉን 10 በመቶ ውል ማስከበሪያ ታስይዛለች። የ1 ሚሊዮን ብር ሥራ ከሆነ 100 ሺሕ ብር ማለት ነው፤ ጨርቅ ሳትገዛ፣ ደመወዝ ሳትከፍል። ባንኩ ደግሞ መያዣ ይላል፤ መያዣ ማለት ብዙ ጊዜ ቤት ነው፤ ካርታው ደግሞ ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመያዣ ሲሰጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ባል ሚስቱ ሳታውቅ ቤታቸውን እንዳያስይዝ ይከለክላል። ባል «እኔ ቤቴን ለጨረታ አላስይዝም» ሲል ግን በዚያው ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ክፍያ ነው። ዕቃው ገብቶ፣ ተቆጥሮ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆርጦላት እንኳ ቼኩ የሚዘጋጅበትን ቀን በእርግጠኝነት የሚነግራት የለም። ትልቁ ነጋዴ ሌላ ገቢ ስላለው ይጠብቃል። እሷ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ስለማይጠብቃት አራጣ ትበደራለች። በጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ከታለፈማ ጭራሹን ሌላ ደጅ ጥናት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዷን ደንበኛዬን «ይሄን ጨረታ ብታሸንፊው ያከስርሻል» ብዬ አስቀርቻለሁ፤ አሁንም አስቀራለሁ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ በአንዳንድ ግዛቶች ሴት ለንግዷ ስትበደር የወንድ ዘመድ ፊርማ ትጠየቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ አስቀረው። በ1994 ኮንግረሱ ከፌዴራል ግዥ 5 በመቶው ለሴቶች ንግዶች እንዲደርስ ግብ አስቀመጠ። ውድድሩን ለእነሱ ብቻ መከለል የሚቻልበት ሕግ የወጣው በ2000 ሲሆን፣ በፍርድ ቤት ሙግት ሳይቀር ተገፍቶ በሥራ ላይ የዋለው በ2011 ነው። ግቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመታው በ2015 የበጀት ዓመት ነው። ቁጥሩ ሕግ ውስጥ 21 ዓመት ተቀመጠ ማለት ነው። ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶውን ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች ለይታለች፤ በጨረታ ማስከበሪያ ፈንታም የፊርማ መግለጫ ትቀበላለች። በክፍያ መዘግየት ግን የኬንያ ሴቶችም እንደኛዎቹ ያማርራሉ።

ሩቅ ሳንሄድ የአዲስ አበባን የተማሪዎች ምገባ እንይ። በየትምህርት ቤቱ ምግቡን የሚያበስሉት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው፤ የሚከፈላቸውም ከከተማው በጀት ነው። ይህ የመንግሥት ውል ነው፤ በጎ አድራጎት አይደለም። ሥራው በየትምህርት ቤቱ ተቆርጦ ስለተሰጠ እናቶቹ ገቡበት። ለከተማው ሁሉ በአንድ ሎት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከድስቱ አጠገብ የሚቆሙት እነዚያው እናቶች፣ ግን በቀን ሠራተኛ ሒሳብ የአንድ ትልቅ ድርጅት ቅጥረኞች ሆነው ነበር።

«የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ጾታ ሳይሆን ዋጋ ይታይ» የሚሉ አሉ። ግብር ከፋይ ነኝና ይገባኛል። ግን ነጋዴው ጋዋኑን ከእሷ አሰፍቶ ሲያቀርብ የራሱን ትርፍ ጨምሮ ነው፤ ያን ትርፍ የከፈለው ማን ሆነና? የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ለሴቶች የተለየ ዕድል ሲኖር ንግድ ፈቃዱ በአንድ ሌሊት ወደ ሚስት ስም ይዞራል። አሜሪካኖቹ ቢያንስ 51 በመቶ ባለቤትነት ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት አመራሩም በሴቷ እጅ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ያም ሆኖ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ድርጅቶቹ በራሳቸው ቃል ብቻ «ነን» ማለት ይችሉ ነበር። እኛ ጋ ቼክ የሚፈርመውና ስለ ሥራው ሲጠየቅ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ማየት ይበቃል። ስለ ብብት ስፌት የምትመልስ ሴት የስም ባለቤት አይደለችም።

ጨረታ በኮምፒውተር የሚገባበት ኤሌክትሮኒክ ግዥ ተስፋ ይሰጠኛል። ታሽጎ የሚገባ ፖስታና የደጅ ጥናቱ ምልልስ ቀንሷል፤ ማታ በቢራ ላይ የሚደረገው ትውውቅም ዋጋው ትንሽ ረክሷል። ዳሩ ግን ስካነርና ኮምፒውተር የሌላት ሴት አሁንም እንደ እኔ ላለ ሰው ትከፍላለች። እኔን ይጠቅመኛል፤ እሷን አይጠቅማትም።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምጽፍልዎ ምናልባት የግዥ ኮሚቴ አባል ወይም የክፍያ ማዘዣ የሚፈርሙ ሰው ቢሆኑ ብዬ ነው። ካልሆኑም እንዲህ ያለ የሥራ ባልደረባ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት አያጡም። ሎት የሚታጨቀውም ሆነ የሚፈታው የመሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ሲሰናዳ ነው። ጋዋኑ ከጫማው ይለይ። በሎቱ ግርጌም ክፍያው ሞዴል 19 ከተቆረጠ በስንት ቀን እንደሚፈጸም ይጻፍበት፤ እኔም ለደንበኛዬ «ግቢበት» ወይም «ተዪው» የምላት ያን ቀን አይቼ ነው።