«ቤታችሁ አጥኑ» ማለት ብቻ አይበቃም

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለሕፃናቱ የተሰጠው ምክር «ቤታችሁ አጥኑ» የሚል ነበር። ምን ይጠና? በየትኛው ሰዓት? ማንስ ያግዝ? በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ቢሰራጭም፣ ሬዲዮ የሌለው ወላጅ ግራ ገባው።

እኛ ዕጩ መምህራን የዕለት ትምህርት ዕቅድ ማውጣት እንማራለን። የቤት ጥናት ዕቅድ ግን ማንም አይጠይቀንም። ይህ ጉድለት ሊታረም ይገባል እላለሁ።

እስቲ በየክፍሉ እንመልከት። የ1ኛ ክፍል ሕፃን በቀን አንድ የፊደል ቤት፣ ለምሳሌ ከሀ እስከ ሆ፣ ቢያነብና ቢጽፍ 33ቱን ቤቶች በ33 ቀን ይዘልቃል። የ2ኛው በባቄላ ፍሬ ይደምር፣ ይቀንስ። የ3ኛው የማባዛት ሠንጠረዡን በቃሉ ይያዝ። የ4ኛው በጓሮ የዘራውን በቆሎ በየሳምንቱ እየለካ ይመዝግብ፤ ይህ የአካባቢ ሳይንስም ሒሳብም ነው።

«ልጁ ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ያግዳል፤ መቼ ያጠናል?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ዕቅድ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ግማሽ ሰዓት ብትገኝ ለየትኛው ትምህርት እንደምትውል አስቀድሞ ይታወቅ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን «የዛሬውን አንብብልኝ» ብሎ ማድመጥ አያቅተውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን ለአንድ ክፍል የሚሆን ባለ አንድ ገጽ የቤት ጥናት ዕቅድ እናዘጋጅ። መምህሮቻችንም ያርሙልን። የትምህርት ቤቱ በር ቢዘጋ እንኳ ትምህርቱ አብሮ አይዘጋ።