ለነጂው በቀኑ ክፈሉት

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን መከሰቱ ተረጋገጠ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የቀንዱን የቁም እንስሳት አገዱ። ሳዑዲ የሶማሊያን እንስሳት መልሳ የተቀበለችው በ2009 ነው።

ዕዳው በነጋዴው ላይ አላቆመም። በርበራ ላይ መርከብ የሚጭነው፣ መንጋ የሚነዳው ሥራ አጣ። የበግ ገቢ ሲነጥፍ ብዙዎች ግራር ቆርጠው ከሰል ማክሰል ያዙ፤ ከሰሉም ወደዚያው ወደ ባሕረ ሰላጤ ተጫነ። የጸጥታው ምክር ቤት የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2012 ከለከለ፤ የተቆረጠው ግራር ግን ቶሎ አይተካም።

ታዲያ ከእኛ እጅ ምን አለ? ከጎርፍ በኋላ በጎች በብዛት ሲያስወርዱ መጀመሪያ የሚያየው ነጂው ነው። ክፍያው በሰላም ባደረሰው በግ ቁጥር ከሆነ ግን ለምን ይናገራል? ዝም ይላል፤ በሽታውም አብሮ ይጫናል። ስለዚህ ለነጂው በቀኑ ክፈሉት፤ ሕመም አይቶ ለተናገረም ጨምሩለት። ወጪ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። የወደብ መዘጋት ምን እንደሚያስወጣ ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።